ስለ ሙሉጌታ በተጠየቅኩ ጊዜ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ዘንድ ይዤ የምቀርበው በጾም ቀን ስለበላሁት ሥጋና በንዴት ስለወረወርኩት ስድብ ነው። ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን አጥቤና አጣጥፌ አቀርብላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ስግደት ያዝዙኛል፣ እኔም ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እነዳለሁ። ትልቁ ግን ሆዴ ውስጥ እንደተቀመጠ አለ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

የሠራሁት ይህ ነው፦ አብሮኝ ይኖር የነበረ ሰው የሚወዳትን ሴት እንዳያገባ አደረግኩ። ያደረግኩትም በመኪና እሽቅድምድም ጌም ስላሸነፈኝ ነው። ሳቁ፤ አልከለክላችሁም። ሴቲቱን እኔም ወድጃት ቢሆን ኖሮ ከንፈር የሚመጥልኝ አላጣም ነበር። በርስት ወይም በሥራ ተጣልተን ቢሆን ሽማግሌ መሃላችን ገብቶ ያስታርቀን ነበር። እኔ ግን የሰው ትዳር ያፈረስኩት ቴሌቪዥን ውስጥ በሚሮጥ፣ ቤንዚን በማይጠጣ፣ ተጋጭቶ እንኳ በማይሰበር መኪና ምክንያት ነው። ከዚህ የቀለለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም፤ ሁልጊዜም መስታወት ፊት እቆማለሁ።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከሃቫና መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ከሙሉጌታ ጋር እንኖር ነበር። እኔ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ መግቢያ ላይ እሠራለሁ፤ እሱ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። አሜሪካ የመጣው ከእኔ በኋላ ነው። ይህንንም በየአጋጣሚው ሳላስታውሰው አልቀርም ነበር። ባንክ የወሰድኩት እኔ፣ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ያስገባሁት እኔ፣ የክረምት ጫማ የት እንደሚገዛ ያሳየሁት እኔ። ማንም ለማንም የሚያደርገውን ነገር ውለታ ብዬ ይዤ፣ በየቀኑ ምስጋና እጠብቅ ነበር። እሱ ደግሞ በእውነት ያመሰግነኝ ነበር። "ወንድምዬ" ነበር የሚለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሀገራችን ልጆች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ታክሲ የሚነዱ አሉ፣ እንደ እኔ ፓርኪንግ የሚሠሩ አሉ። ትልቅ ቴሌቪዥን የነበረኝ እኔ ነበርኩ፣ ጌሙም የእኔ ነበር። ጫማ በሩ ላይ ይከመራል፣ ፒዛ ይታዘዛል፣ መጋረጃው ይዘጋል፤ የኮሎራዶ ፀሐይ በረዶ ባለበት ቀን እንኳ ቴሌቪዥን አታሳይም። ጌሙ የከተማ መንገድ ላይ እሽቅድምድም ነው። ያሸበረቁ መኪኖች፣ ወደብ፣ ድልድይ፣ ዋሻ፣ ኩርባ ላይ ጎማ እያንሸራተቱ በጎን መሄድ፣ እነሱ ድሪፍት የሚሉት። እንደ እውነተኛ መንዳት አያስጨንቅም። ግድግዳ ብትገጭ መኪናህ ትንሽ ተንገዳግዶ ይቀጥላል። ደንባችን አንድ ነው፤ የተሸነፈ ጆይስቲኩን አስረክቦ ከሶፋው ይነሳል። እኔ ከዚያ ሶፋ ላይ አልነሳም ነበር።

ጎበዝ ስለነበርኩ ነው? አልነበርኩም። ጣቴ ፈጣን ነበር፣ በቃ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ተጭኜ እይዛለሁ፣ ኩርባው ላይ ስደርስ ግድግዳውን ተደግፌ እየተፋጨሁ አልፋለሁ፣ ሊቀድመኝ የመጣውን በጎን ገጭቼ እጥለዋለሁ። ያን ተሰጥኦ ብዬ ነበር የምጠራው። ልምምድ የሚባለውን ነገር የምንቅ ሰው ነበርኩ። የሚለማመድ ሰው ያልተሰጠው ሰው ነው እል ነበር። እዚያ ሶፋ ላይ እግሬን አነባብሬ የተሸናፊውን ፊት ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ለሰው መኪና በር ስከፍትና ስዘጋ የዋልኩ ሰው እሑድ እሑድ ንጉሥ መሆኔ ነው።

ሙሉጌታ መጀመሪያ ጆይስቲክ ሲይዝ አያያዙን እንኳ አያውቅም ነበር። መኪናው ኩርባ ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳ ይሳለማል። ከዚያ ወደ ኋላ ይነዳል፣ ይዞራል፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። "ሎንችና" ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ያ ድሮ አውራጃ ይመላለስ የነበረው አሮጌ አውቶቡስ። ስሙ ጸደቀበት፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳይቀር "ሎንችናው መጣ" ይሉት ጀመር። እሱም አብሮ ይስቃል። አንድ ቀን ዕቃ እያጠብን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

"ወንድምዬ፣ ያቺን የወደቡን ኩርባ ግን እንዴት ነው የምታልፋት?"

"ነዳጁን አትልቀቅ። ፕሬስ አድርገህ ያዝ፣ ሌላ ነገር የለውም።"

እኔ ራሴ ከዚህ ሌላ አላውቅም ነበር፤ ቢኖር ኖሮም አልነግረውም።

አመነኝ፤ ለጥቂት ቀናትም ያልኩትን ሞከረ። ከዚያ ተወውና በራሱ መንገድ ጀመረ። ከሥራ መጥቶ፣ ራቱን በልቶ፣ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣል። ያንኑ የወደብ መንገድ ብቻ ይከፍትና፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀስ ብሎ ይነዳል። ተወዳዳሪ የሌለበት መንገድ ላይ፣ ኩርባው የት እንደሚጀምር፣ ግድግዳው የት እንደሚጠብ እያየ፣ አዲስ ሰፈር ቤት እንደሚከራይ ሰው ይዞራል። እኔ ከኋላው በማለፍ ላይ ሆኜ፣ "ሙሌ፣ አረፍ ብለህ ሻይ ጠጣባት" እለዋለሁ። ይስቃል፣ ይቀጥላል።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባው። መጀመሪያ የገባው ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት መሆኑ ነው። ቀጥሎ ነዳጁን ለአፍታ ለቀቅ አድርጎ መሪውን ሲያዞር ጅራቱ ራሱ እንደሚንሸራተት አወቀ። ሲንሸራተትም መሪውን ወደ ተንሸራተተበት አቅጣጫ መለስ ማድረግ እንጂ መታገል እንደማያስፈልግ፤ ናይትሮ የሚሉት መኪናውን የሚያስፈተልከው ጉልበት ደግሞ አፍንጫው ወደ መውጫው ቀጥ እስኪል ድረስ እንደማይነካ። አንዷን ነገር እስኪችላት ሌላዋን አይነካም። ጌሙ ምርጡን ዙርህን ይይዝና በሚቀጥለው ጊዜ እንደ ጥላ ስስ የሆነ መኪና አድርጎ ከፊትህ ያስነዳዋል። ሙሉጌታ የትናንቱን ራሱን ነበር የሚያሳድደው። ሲቀድመው ፈገግ ይላል፣ ሲቀደም "ነገ" ብሎ ያጠፋዋል። ተናዶ ጆይስቲክ ሲወረውር አንድም ቀን አላየሁትም። እኔ የወረወርኩት ግድግዳው ላይ ጠባሳ ትቷል።

ይባስ ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይነግረኛል።

"ወንድምዬ፣ ዛሬ ምን አገኘሁ መሰለህ! ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ ስታደርገው ድሪፍቱ አይቋረጥም። ና ላሳይህ።"

"ተወኝ እስቲ፣ ደክሞኛል።"

ደክሞኝ አልነበረም። ክፍሌ ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ አየው ነበር። የሚሰጠኝን ትምህርት እየሰረቅኩ፣ ሰጪውን እየናቅኩ። በነፃ የተዘረጋልኝን ነገር የሰረቅኩ ሰው እኔ ነኝ።

ከዚያ አንድ እሑድ አሸነፈኝ። ወደብ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት። እኔ እንደ ልማዴ ግድግዳውን እየፋጨሁ ስሄድ እሱ ከውስጥ በኩል፣ ምንም ሳይነካኝ፣ ተንሸራትቶ አለፈ። ቤቱ ጮኸ። "ሎንችናው ቀደመህ!" አሉ፤ ያወጣሁት ስም ተመልሶ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ጆይስቲኩን አስረክቤ ተነሳሁ። ሙሉጌታ ምን አለ? "ዕድል ነው" አለ። ያ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ቢፎክር፣ ቢያላግጥ እኩል እንሆን ነበር። እሱ ግን እንደ እኔ መርከስ አልፈለገም።

በሚቀጥለውም እሑድ አሸነፈኝ፣ በሚቀጥለውም። ጆይስቲኩ ተበላሽቷል አልኩ፤ ተቀያየርን፣ ያው ሆነ። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች አልኩ፤ መጋረጃው ዝግ ነበር። የራሴን ቴሌቪዥን ወጥ ቤት ቆሜ ማየት ጀመርኩ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ጢም ያወጣ፣ ግብር የሚከፍል፣ የጌም ውጤት እያሰበ ፓርኪንግ ውስጥ ሲያኮርፍ ይውላል። ደንበኛ "ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ" ሲለኝ ያላገጠብኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የሰናይት ነገር የመጣው። ሰናይት አውሮራ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ከሥራ በኋላ ነርሲንግ የምትማር ልጅ ናት። ከሙሉጌታ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተዋውቀው ነው የተዋደዱት። አሜሪካ ያመጧትና ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፣ የእናቷ ወንድም፣ ጋሽ ክፍሌ። ጋሽ ክፍሌ ደግሞ እኔ የምሠራበት ፓርኪንግ ኃላፊ ናቸው። የተከበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ቤት ገዝተው የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉት ሰው። ሙሉጌታ በወጉ ሽማግሌ ላከባቸው። እሳቸውም በወጉ፣ "ደስ ብሎናል፣ እኛም ጠያይቀን እንመልሳለን" አሉ።

መጠየቅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሀገር ቤት ቢሆን ጎረቤት አለ፣ ዕድር አለ፣ አብሮ አደግ አለ፤ አንዱ ቢያዳላ ሌላው ያቃናዋል። ዴንቨር ውስጥ ግን የሙሉጌታን ገበና የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ሙሉጌታም ይህን ያውቃል።

"አንተን ነው የሚጠይቁህ" አለኝ፣ በስንት ሐፍረት። "አመስግነኝ አልልህም። ያየኸውን ብቻ ንገራቸው።"

"አታስብ" አልኩት።

ልብ በሉ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በደንብ ልመሰክርለት ነበር ያሰብኩት። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ የነገሩን ርካሽነት እንድታዩት ነው። የለወጠኝ አንድ እሑድ ነው። ልጆቹ እንደወትሮው ተሰብስበው፣ እኔና እሱ ወደብ ላይ ገባን። በዚያ ቀን ከወትሮው የባሰ ተሳልቀውብኝ ነበር፤ ፊቴ ተለዋውጦ ኖሮ ሙሉጌታ ዞር ብሎ አየኝ። የመጨረሻው ዙር ላይ ቀድሞኝ ነበር። የመጨረሻዋን ኩርባ በሚገባ ገባ፣ በሚገባ ተንሸራተተ፣ አፍንጫው ቀጥ አለ። ከዚያ ፍሬን ያዘ። ናይትሮ በሚለቀቅበት ቦታ ላይ ፍሬን። እኔ አልፌው ገባሁ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፣ ትከሻዬን ደበደቡኝ፣ "ንጉሡ ተመለሰ!" አሉ። ሙሉጌታ ጆይስቲኩን አስረክቦ፣ "ቀደምከኝ" ብሎ ተነሳ።

ከእኔ ሌላ ያየው የለም። እኔ ግን በበሩ ስንጥቅ ስንት ቀን አጥንቼዋለሁ፤ እሱ እዚያ ቦታ ላይ ፍሬን አይዝም። አዝኖልኝ ነው የለቀቀልኝ። ደግ ሰው ይህን ሲደረግለት ምን ያደርጋል? ይስቃል፣ ጓደኛውን ያቅፋል፣ ይረሳዋል። እኔ ግን ዓይኔ ደም ለበሰ። ያዘነልኝ ማን ሆነና? ባንክ የወሰድኩት ሰው! ሲያሸንፈኝ ጠልቼው ነበር፣ ሲራራልኝ ግን ላጠፋው ፈለግኩ።

ጋሽ ክፍሌ የጠየቁኝ በማግስቱ ነው። ጠዋት፣ መኪናው ጋብ ሲል፣ በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዘውልኝ ወደምቆምባት ትንሽ ክፍል መጡ። ለራሳቸው አልያዙም። ሞቅ ያለ ፀሐይ ነበር፣ የትናንቱ በረዶ ከጣሪያው ይንጠባጠባል።

"ልጄ፣ የመጣሁበትን ሳታውቀው አትቀርም" አሉኝ። "ያ አብሮህ የሚኖረው ልጅ እንዴት ነው? ጠባዩ፣ አመሉ? የእህቴ አደራ ናት። አንተ የምትለኝን እቀበላለሁ።"

ስለ ሙሉጌታ የማውቀው ሁሉ አፌ ላይ ነበር። እንደማይጠጣ። ቃሉን እንደማያጥፍ። ስታመም ከሥራ ቀርቶ ሾርባ እንደሠራልኝ። የሚያውቀውን እንደማይደብቅ፣ ሲያሸንፍ እንደማይኮራ፣ ሲሸነፍ እንደማይቆጣ፣ አንዲትን ኩርባ ለመማር ስንት ወር እንደታገሰ። ለትዳር ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ይህን ሁሉ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ያውም እየሰለልኩት።

አንገቴን ደፋሁ። በረጅሙ ተነፈስኩ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

"ጋሽ ክፍሌ፣ አብሬው ነው የምኖረው። እኔን ባይጠይቁኝ ይሻላል።"

ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ፈረንጅ ቢሆን፣ "እሺ፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ" ብሎ ይሄድ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ስለ ሙሽራ ተጠይቆ አንገቱን የደፋ ሰው ጨርሶ ተናግሯል። ሰካራም ነው ብል "ይመከራል" ይባል ነበር። ቁጡ ነው ብል "ሲያገባ ይበርዳል" ይባል ነበር። ለዝምታ ግን መልስ የለውም። ጠያቂው ያላለቀውን ነገር በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል፤ ደግሞ መጠየቅም ነውር ነው። ይህን አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቃለሁ። ውሸት ብናገር አንድ ቀን ይገለጥብኝ ነበር፤ ስለዚህ ማንም የማይዘኝን መረጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር የለም።

ጋሽ ክፍሌ ዓይናቸው ፈዘዘ። ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "ገባኝ ልጄ። እግዜር ይስጥህ" አሉኝና ሄዱ። ሻዩን ጠጣሁት።

ለሽማግሌዎቹ የተሰጠው መልስ "ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ" የሚል ነበር። በእኛ ዘንድ ይህም ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰናይት አጎቷን አልቅሳ ጠየቀቻቸው፤ "የሰማሁት ይበቃኛል፣ አንቺ ባትሰሚው ይሻላል" አሏት። የእሷ ስልክ መጀመሪያ አጠረ፣ ከዚያ ቀረ። አባት የሆኗትን ሰው ረግጣ ልትወጣ አልቻለችም። በዚያ ላይ ምን እንደሆነ ከማታውቀው ነገር ጋር እንዴት ትከራከር?

ሙሉጌታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጠየቀኝ።

"ጋሽ ክፍሌ ጠይቀውህ ነበር?"

"ጠይቀውኛል።"

"ምን አልካቸው?"

"አንድም ክፉ ነገር አልተናገርኩም። በእግዚአብሔር ስም!"

ማልኩ። መሐላው ደግሞ እውነት ነው፤ የኔ ብልጠት እንዲህ ነበር። ሙሉጌታ ተነስቶ አቀፈኝ። "አውቃለሁ ወንድምዬ፣ አንተን ተጠራጥሬ አይደለም" አለኝ። የሚጠራጠረው ራሱን ነበር። መጋዘን ስለምሠራ ይሆን? አነጋገሬ ገጠሬ ስለሆነ ይሆን? የአባቴን ዘር አጥርተው ይሆን? ይለኝ ነበር። ልብስ ገዛ፣ ኮሌጅ ተመዘገበ፣ ፀጉሩን በየሳምንቱ ይስተካከል ጀመር። የሌለበትን ጉድለት ሲፈልግ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አየሁት። አንዳንዴም "ሊሆን ይችላል" እለው ነበር። አዎ፣ ይህንንም ብያለሁ።

ሙሉጌታ ጌሙን ዳግመኛ አልነካውም። ክረምቱ ሲያልፍ ሌላ ስቴት ዘመድ ጋ እሄዳለሁ ብሎ ሻንጣውን ሸከፈ፤ ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ። "ላስቸገርኩህ ሁሉ ይቅር በለኝ" ብሎኝ ገባ። እሱ ነው ይቅርታ የጠየቀው።

ከሄደ በኋላ ደግሞ ተለማመድኩ። ልምምድ የሚንቀው ሰውዬ! ከኩርባ በፊት ፍሬን፣ ነዳጁን ለቀቅ፣ መሪውን መለስ፣ ፍሬኑን ነካ ነካ፣ አፍንጫው ቀጥ ሲል ናይትሮ። የሰረቅኩት ሁሉ ሠራልኝ። ጌሙ ውስጥ የእሱ ምርጥ ዙር እንደተቀመጠ ነበር፤ ያቺን ስስ መኪና ሳሳድዳት ከረምኩና አንድ ቅዳሜ ቀደምኳት። ብቻዬን እልል አልኩ። እንዲህ አድርጌ ነው ጎበዝ የሆንኩት።

የመጨረሻውን ልንገራችሁና ልጨርስ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሽ ክፍሌ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነሱና ግሪን ቫሊ ራንች ቤታቸው ጠሩን። ምሳ ተበልቶ ወንዶቹ በተቀመጡበት፣ እሳቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ለእንግዶቹ እንዲህ አሉ፦ "ይኼን ልጅ የማከብረው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ጊዜ ስለ አንድ ሰው ጠየቅኩት። የሚያውቀውን ያውቃል፤ የሰው ስም ግን በአፉ አላጠፋም። እንዲህ ነው ጨዋ።" ሰዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን የሚድሩ አባቶች እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ቃሌ ትከብዳለች ይባላል። በዚያ ቀን ግን አየር ልቀበል ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ሰናይት ተከትላኝ ወጣች። ነርስ ሆናለች፣ አላገባችም። መኪኖቹ በተደረደሩበት ደጃፍ ላይ ቆማ ቀጥ ብላ አየችኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ፕሊስ እውነቱን ንገረኝ። ሙሌ ምን ነበር ያደረገው?"

የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።

"ሀገር ቤት ልጅ ነበረው? ሌላ ሴት ነበረችው? ክራይም ሠርቶ ነበር? ያላሰብኩት ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ይኼስ ምን ደብቆ ይሆን እያልኩ ነው የማየው። አሁን አልፏል፣ አልከፋም። ጀስት ንገረኝ።"

ሁለት ቃል ነበር የሚበቃት። ምንም አላደረገም። ይህን ብል ግን፣ ታዲያ አንተ ለምን አንገትህን ደፋህ ትለኛለች። ከዚያ የጌሙን ነገር ልናገር ነው። ከውስጥ ደግሞ የወንዶቹ ሳቅ ይሰማል፤ ትከሻዬ ላይ ያ የተከበረ እጅ ገና ያረፈ ይመስለኛል።

"ያለፈ ነገር ነው ሰናይት" አልኳት። "ተይው።"

ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ ቋጠረ፣ ግን አልፈሰሰም።

"እሺ" አለች። "ከክፉ ነገር ነው ያወጣኸኝ ማለት ነው። ታንክ ዩ።"

ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ስማ ገባች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ምን ቤት ናችሁና? እኔን ይቅር ለማለት መብት ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጓደኛዬ ነበር ብሎ ያስታውሰኛል፣ ሌላዋ ባለውለታዬ ነው ትለኛለች። የሁለቱም ስልክ ቁጥር እጄ ላይ አለ። ሙሉጌታ ምንም አላደረገም። ይኸው፣ ለእናንተ ተናገርኩት፤ ምንም ልታደርጉበት እንደማትችሉ ስለማውቅ።